ለአጭርና ሰፊ እግር የሚሆን የብስክሌት ጫማ፦ ቁጥር ከመጨመር ሌላ መንገድ አለ ወይ?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለመድረኩ አባላት።

የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሲሆን ቅዳሜና እሑድ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር በሮክ ክሪክ ፓርክ በኩል ወደ ዋሽንግተን እየወረድን ረዘም ያለ መንገድ በብስክሌት እንሄዳለን። የምነዳው የመንገድ ብስክሌት ነው፤ ፔዳሉም ከጫማ ሥር በሦስት ብሎን የሚታሰረውንና ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚያያይዘውን ቁራጭ፣ ማለትም ክሊት፣ የሚቀበል ዓይነት ነው። ከብስክሌቱም ከኮርቻውም ጋር ተላምደናል፤ መላ ያጣሁለት ጫማው ብቻ ነው።

እግሬ አጭርና ሰፊ ነው። ተረከዜን ግድግዳ አስጠግቼ በወረቀት ላይ ስለካው ርዝመቱ 23 ሴንቲ ሜትር፣ ከጣቶቼ ሥር ያለው ሰፊው ቦታ ደግሞ 9.8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። የዘወትር ጫማዬ በአውሮፓ ቁጥር 37 ነው። በዚሁ ቁጥር የተሠራ የሴቶች የብስክሌት ጫማ ገዝቼ ርዝመቱ ልክክ ብሎልኛል፤ ወርዱ ግን አልቻለኝም። አንድ ሰዓት ያህል ከነዳሁ በኋላ ትንሿ ጣቴና ከእሷ ቀጥሎ ያለችው መደንዘዝ ይጀምራሉ፤ ከዚያም ከጣቶቼ ሥር፣ ወደ መካከል ገባ ብሎ፣ ኃይለኛ የማቃጠል ስሜት ይመጣል፤ በዚህ ምክንያት የትራፊክ መብራት በያዘን ቁጥር እግሬን ከፔዳሉ አውጥቼ ጣቶቼን ማፍታታት ግድ ሆኖብኛል።

ጫማውን በገዛሁበት ሱቅ የሚሠራው ወጣት ሁለት ቁጥር ከፍ እንዳደርግ መክሮኝ 39 አስሞከረኝ። ወርዱ በእርግጥ ቀለለኝ፤ ነገር ግን ፔዳሉን ወደ ላይ በሳብኩ ቁጥር ተረከዜ ከጫማው ይነሣል፣ ቁልቁለት ላይም እግሬ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሰፊ ተብለው የተሠሩትን ስጠይቅ ደግሞ የወንዶች መሆናቸውንና ከ40 ወይም ከዚያ አካባቢ እንደሚጀምሩ ተነገረኝ። እግሩ ሰፊ የሆነ ሰው ሁሉ ቁመቱ እንደ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው ብሎ ማን እንደ ወሰነ አላውቅም።

ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ይህን ነው። በ37 ቁጥር አካባቢ በእውነት ሰፊ የሆነ የብስክሌት ጫማ የሚሠራ አለ? የወንዶችን ጫማ ሴት ብታደርገው የሚያመጣው ጉዳት ይኖራል? ያለኝን ጫማ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ማስለጠጥስ ይቻላል? ሶሉ ጠንካራ ካርቦን ነው። ለአዲስ ጫማ እስከ 200 ዶላር ለማውጣት ተዘጋጅቻለሁ።

መልስ፦ ከሙኒክ፣ የብስክሌት ጥገና ሠራተኛ

እህቴ፣ በሥራዬ ምክንያት ብዙ እግር ለክቻለሁ፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍልዎ እንደማይሰለቹ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ ከልኬትዎ አንድ ነገር ጎድሏል። በወረቀት ላይ የሚወሰደው ወርድ እግሩ መሬት ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ብቻ ነው የሚነግረን፤ እግርዎ ወፍራም ይሁን ስስ አይነግረንም። ጫማ ደግሞ እግርን የሚይዘው ዙሪያውን ነው። ስለሆነም የልብስ ሰፊ ሜትር ይፈልጉና በሁለቱም እግርዎ ላይ ቆመው፣ ከአውራ ጣትዎ ሥር ካለው ጉብ ካለ አጥንት ተነሥተው በትንሿ ጣት ሥር ባለው አጥንት በኩል ዞረው፣ ሳያጠብቁ ዙሪያውን ይለኩት። ይህን የሚያደርጉት አመሻሽ ላይ፣ በተለይም ሲነዱ ውለው ሲመለሱ፣ ለመንዳት የሚያደርጉትን ካልሲ እንዳደረጉ ይሁን፤ እግር ቀን ሙሉ ያብጣልና ጠዋት የተወሰደ ልኬት ብዙ ጊዜ ያታልላል። ሁለቱንም እግር ይለኩ። የሁለቱ እግር ልክ አንድ የሆነለት ሰው ብዙም አያጋጥመኝም፤ ጫማ የሚገዛውም በትልቁ እግር ልክ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የአውሮፓ የጫማ ቁጥር የሚያወራው ስለ ርዝመት ብቻ ነው፤ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሚቀጥለው ያለው ልዩነት የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለምሳሌ ሺማኖ በተባለው የጃፓን የብስክሌት ዕቃ አምራች ሠንጠረዥ 36 ቁጥር ለ22.5 ሴንቲ ሜትር እግር፣ 37 ለ23.2፣ 38 ለ23.8፣ 39 ደግሞ ለ24.5 ሴንቲ ሜትር እግር የተመደበ ነው። እርስዎ በ23 ሴንቲ ሜትር እግር 39 ሲያደርጉ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ይዘው እየነዱ ነው ማለት ነው። በምትኩ ያገኙት ወርድ ምን ያህል ነው? ጫማ ሠሪዎች ቁጥር በአንድ ከፍ ሲል የጫማውን ዙሪያ በተለምዶ የሚያሳድጉት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ቁጥር በመውጣት 10 ሚሊ ሜትር ዙሪያ ለማግኘት ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ የማይፈልጉትን ርዝመት ገዝተዋል። በጃፓን የጫማ ደረጃ ግን ወርድ የራሱ መለያ ፊደል አለው፤ ከኢ ወደ ድርብ ኢ፣ ከድርብ ኢ ወደ ሦስት ኢ ሲኬድ ርዝመቱ ሳይነካ ዙሪያው በ6 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ሁለት ፊደል ከፍ ማለት ሁለት ቁጥር ከፍ ከማለት ይልቅ ብዙ ወርድ ይሰጣል፤ ተረከዝዎም ባለበት ይቆያል።

ከተረከዙ መነሣት በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የክሊቱ ቦታ ነው። የክሊቱ ቀዳዳዎች የሚቀመጡት የጫማውን ርዝመት ተከትለው ነው። እግርዎ ከተረከዙ ጀምሮ ጫማው ውስጥ ሲቀመጥ ከጣቶች ሥር ያለው ሰፊው ክፍል ከእግሩ ርዝመት ሦስት አራተኛ ግድም ላይ ይውላል፤ ጫማው በሁለት ቁጥር ሲረዝም ቀዳዳዎቹ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ይሸሻሉ። ያን ጊዜ ክሊቱን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ቢስቡት እንኳ ፔዳሉን የሚጫኑት በጣቶችዎ ይሆናል፤ ባትና የተረከዝ ጅማት ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ከጣቶች ሥር ያለው ማቃጠልም ይብሳል። ወርዱን ያቃለለልዎ ጫማ ማቃጠሉን ላያስቀር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የወንድ ጫማ ስለ ማድረግ ለጠየቁት፣ ምንም ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ለእርስዎ ዋናው መውጫ ይህ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ አሰያየም የሴቶች መደበኛ ወርድ ቢ፣ የወንዶች መደበኛ ወርድ ደግሞ ዲ ነው፤ ያው ዲ በሴቶች ጫማ ላይ ሲጻፍ ሰፊ ማለት ነው። ስለዚህ የወንዶች መደበኛ ጫማ፣ በእርስዎ ርዝመት ከተገኘ፣ ከሴቶቹ ይሰፋል። በአሜሪካ ቁጥር ሲፈልጉ ከሴቶቹ ቁጥር አንድ ተኩል ይቀንሱ፤ በአውሮፓ ቁጥር ግን 37 ለወንድም ለሴትም ርዝመቱ አንድ ነው። አስቸጋሪው ነገር ብዙ አምራቾች የወንዶችን ዝርዝር ከ39 ወይም ከ40 መጀመራቸው ሲሆን፣ መፍትሔው የወንድና የሴት ብለው ሳይለዩ በአንድ ዝርዝር ከ36 ጀምረው የሚሸጡትን መፈለግ ነው።

ስም መጥቀስ ካስፈለገ፦ ሺማኖ አርሲ ተብለው ከሚጠሩት የመንገድ ጫማዎቹ መካከል ብዙዎቹን በመደበኛም በሰፊም ወርድ ይሠራል፤ ዋጋቸው ካሰቡት ገንዘብ ውስጥ የሚገቡም አሉ፤ ሰፊው ወርድ ከስንት ቁጥር እንደሚጀምር ግን ሞዴል በሞዴል ስለሚለያይ ሠንጠረዡን ሳያዩ አይዘዙ። ሌክ የሚባለው አምራች በሰፊ ጫማ የታወቀ ነው፤ ከሰፊም አልፎ በጣም ሰፊ የሚለው ወርድ አለው። የአውስትራሊያው ቦንት ሰፊና ድርብ ሰፊ የሚላቸው ወርዶች ያሉት ከመሆኑም በላይ ካርቦኑ በሙቀት የሚለዝብ በመሆኑ ጫማው በምድጃ ውስጥ በ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ለስልሶ በእግር ላይ እንዲቀረጽ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሆኖም ዋጋው ብዙውን ጊዜ ካሰቡት በላይ ይወጣል። ሲዲ የተባለው የጣሊያን አምራች ሜጋ ብሎ የሚጠራው ሰፊ ጫማ ዝነኛ ቢሆንም የተዘጋጀው ለትልልቅ ቁጥሮች ስለሆነ ለእርስዎ ጊዜ ማባከን ነው።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥተው መሬት ላይ ያድርጉትና በላዩ ላይ ይቁሙ። እግርዎ ከንጣፉ ጠርዝ በትንሿ ጣት በኩል ከወጣ፣ የወጣው ሥጋ ጫማው ውስጥ ሲገባ ወደ ላይ ወይም ወደ ውስጥ ተጨቁኖ ነው የሚቀመጠው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሆን ቶማያው፣ ማለትም እግርን ከላይ የሚሸፍነው የጫማው ክፍል፣ ሊችለው ይችላል፤ ጣቱ ግማሹ ውጭ ከቀረ ግን ያንን ጫማ ወደ ሣጥኑ ይመልሱት። ይህን ለማወቅ መንዳት አያስፈልግም።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

የቀደመው ጸሐፊ ያሉት ትክክል ቢሆንም ጥያቄውን ከሥሩ ላንሣው። በእርግጥ ከፔዳሉ ጋር የሚታሰር ጫማ ያስፈልግዎታል ወይ? እኛ ባሕር ዳር ውስጥ ልጅ ትልቁ፣ ሠራተኛው ተማሪው፣ ብስክሌት የሚነዳው ባደረገው ጫማ፣ ሲመቸውም በነጠላ ጫማ ነው፤ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ማንም ፔዳል ወደ ላይ መሳብ አያምረውም። የእርስዎ መንገድ ዳገት እንዳለው ይገባኛል፤ ውድድር ግን አይደለም። ጠፍጣፋ፣ ሰፊ፣ ትናንሽ ሹል ብሎኖች ያሉት ፔዳል ገጥመው፣ ሶሉ የማይታጠፍና ወርዱ የሚበቃዎትን ማንኛውንም ጫማ ቢያደርጉ የምርጫዎ መጠን ከጥቂት ሞዴሎች ወደ መላው የጫማ ገበያ ይሰፋል። ለጫማ ያሰቡት 200 ዶላር ሁለቱንም ሳይችል አይቀርም። ሶሉ ለስላሳ የሆነ የሩጫ ጫማ ግን አይምረጡ፤ ፔዳሉ በሶሉ ውስጥ አልፎ እግርን ይቆረቁራል፣ ከመደንዘዝ ወደ መደንዘዝ መዘዋወር ይሆናል።

መልስ፦ ከዱባይ

እኔም እግሬ 36 ቁጥር ሆኖ ወርዱ ከቁጥሩ ጋር የማይሄድ ሴት ነኝ፤ የምነዳውም በአል ቁድራ የብስክሌት መንገድ ነው። እዚህ ሙቀቱ እግርን ስለሚያሳብጥ ጠዋት ሲወጡ የተመቸ ጫማ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይጠብባል። ስለ ማሰሪያው ማንም ስላላነሣ ልጨምር፤ ከወርዱ ባልተናነሰ ይህ ነው የረዳኝ።

አንድ ብቻ የሚሽከረከር ማጥበቂያ ያለው ጫማ አይግዙ። ተረከዝዎ እንዳይነሣ ሲያጠብቁት የፊቱም አብሮ ይጠብባል፤ ፊቱን ሲያላሉ ተረከዙ ይላላል። የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል ለየብቻ የሚያጠብቁ ሁለት ማጥበቂያዎች ያሉት፣ ወይም የፊቱ በማጣበቂያ ቀበቶ፣ የላዩ በሚሽከረከር ማጥበቂያ የሚታሰር ጫማ ሲሆን ጣቶቹን ለቀቅ፣ የእግር ጀርባውን ጠበቅ ማድረግ ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ክር ነው። ክር ያለው የመንገድ ጫማ ላይ ወደ ጣት የቀረቡትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀዳዳዎች ሳያስገቡ ዘለው ከሦስተኛው ቢጀምሩ ፊቱ እንደ ልቡ ይከፈታል፣ የላዩ ግን እግርን አጥብቆ ይይዛል። ጉድለቱ እየነዱ ማላላት አለመቻሉ ነው፤ ስለዚህ ስታሰሪው እግርሽ ገና እንደሚያብጥ አስቢ። (ይቅርታ፣ አንቺ ብዬ ጀመርኩ፤ ከእኔ ብትበልጪ እንኳ የእግራችን ችግር እህት አድርጎናል።)

ካልሲሽንም ተመልከቺ። ወፍራም ካልሲ በጠባብ ጫማ ውስጥ የአንድ ፊደል ወርድ ያህል ሊበላ ይችላል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንቺ መባሉንም ወድጄዋለሁ።

በተነገረኝ መሠረት አመሻሽ ላይ ደግሜ ለካሁ። የግራ እግሬ ርዝመት 23.2፣ የቀኙ 23 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ዙሪያቸው በቅደም ተከተል 24.3 እና 24 ሴንቲ ሜትር ነው። የውስጥ ንጣፉን አውጥቼ ስቆምበት በሁለቱም እግሬ ትንሿ ጣት ከግማሽ በላይ ከጠርዙ ውጭ ሆነች፤ በአውራ ጣት በኩል ግን ቦታ ተርፏል። የጫማው አፍንጫ መካከሉ ላይ ሹል ስለሆነ ይመስለኛል። ጠፍጣፋ ፔዳልን በተመለከተ የባሕር ዳሩን ወንድማችንን ሐሳብ በቁም ነገር ይዤዋለሁ፤ ዳገት ላይ ግን እግሬ ከፔዳሉ ጋር መያያዙን ስለ ለመድኩት ለጊዜው መተው አልፈልግም።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ማስለጠጥ ነው። በመሥሪያ ቤቴ አቅራቢያ ጥሩ ጫማ ሰፊ አለ። የብስክሌት ጫማ ሠርቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ልሞክረው ብሏል።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ፣ ጫማ ሠሪ

ስለ ጫማው እንጂ ስለ ብስክሌቱ ብዙ አላውቅም፤ ሆኖም መርካቶ ውስጥ በጫማ ሥራ ላይ ስላደግሁ ስለ ማስለጠጡ የምለው አለኝ።

ማንኛውም ጫማ የሚሠራው በፎርማ፣ ማለትም እግር በሚመስል ጠንካራ ቅርጽ፣ ላይ ነው። ቶማያው በፎርማው ላይ ተወጥሮ፣ ጠርዙ ከሥር ታጥፎ፣ በማስቲሽ ከሶሉ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ጫማ ሲጠብብ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ቶማያው ጠብቦ እንደሆነ ይለጠጣል፣ ሶሉ ጠብቦ እንደሆነ ግን ማንም አይረዳዎትም። ከንጣፉ ላይ ከቆሙ በኋላ የጻፉት ነገር ችግሩ የሶሉ መሆኑን ይነግረኛል። ካርቦን ደግሞ፣ ለሙቀት ተብሎ ካልተሠራ በቀር፣ አይሰፋም፤ ጠርዙም ብዙ ጊዜ እንደ ሳሕን ከንፈር ወደ ላይ ስለሚነሣ ትንሿ ጣት የምትጋጨው ከቶማያው ጋር ሳይሆን ከዚያ ጠርዝ ጋር ሊሆን ይችላል። እጅዎን ወደ ጫማው ውስጥ አስገብተው በትንሿ ጣት በኩል ይዳስሱት። ጣትዎ የሚነካው ለስላሳ ነገር ከሆነ ተስፋ አለ፤ ጠንካራ ግድግዳ ከሆነ ገንዘብዎን አያባክኑ።

ቶማያው ነው ከተባለ ደግሞ ከምን እንደ ተሠራ መታወቅ አለበት። እውነተኛ ቆዳ በእርጥበትና በሙቀት ለስልሶ በመለጠጫ እንጨት ላይ አድሮ የተወሰነ ቦታ ይሰጣል፤ የሰጠውንም አብዛኛውን ይዞ ይቀራል። የዛሬ የብስክሌት ጫማዎች አብዛኞቹ ግን በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን የተለበጠባቸው ናቸው። እነዚህ በሙቀት ትንሽ ይለቃሉ፤ ሲቀዘቅዙ ወደ ነበሩበት የመመለስ ጠባይ አላቸው፤ ሙቀቱ ከበዛ ሽፋኑ ያኮርፋል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ጫማ ሰፊው የጫማውን ወርድ በሙሉ እንዲያሰፋው አይጠይቁት። በትንሿ ጣት አጥንት ላይ አንድ ነጥብ ብቻ፣ ከውስጥ ጉብ ባለ ብረት ተገፍቶ እንዲወጣ ይጠይቁት። ቦታውን በካልሲ ላይ የከንፈር ቀለም ቀብተው ጫማውን በማድረግ ማሳየት ይችላሉ፤ ቀለሙ ገበሩ ላይ የቀረበት ቦታ ትክክለኛው ነጥብ ነው።

እኛ እግሩ ለየት ያለ ሰው ሲመጣ የምናደርገው ግን ከመጀመሪያው ይለያል። ፎርማውን በርዝመቱ እንመርጣለን፤ ከዚያ ትርፍ ሥጋ ወይም አጥንት ባለበት ቦታ ፎርማው ላይ ቁራጭ ቆዳ በማስቲሽ እንለጥፋለን፣ ላዩን በሞረድ እናስተካክላለን፣ ቶማያውን የምንወጥረው በዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ 37 ሆኖ ይቀራል፤ ጉብታ ያለበት ቦታ ብቻ ያድጋል። እርስዎ በ37 ርዝመት 24.3 ዙሪያ ያለው እግር ይዘው ሲመጡ አንድም ጫማ ሠሪ ወደ 39 አይልክዎትም። ፋብሪካ ግን በሺህ የሚቆጠር ጫማ የሚያወጣው ከአንድ ፎርማ ስለሆነ፣ ጥቂት ሰው ለሚገዛው ቁጥር ሁለተኛና ሦስተኛ ፎርማ ማሠራት አይዋጥለትም። ሰፊ ወርድ በትንሽ ቁጥር የሚጠፋው በዚህ ስሌት ነው እንጂ የእርስዎ ዓይነት እግር ጠፍቶ አይደለም፤ እኔ ዘንድ ከሚመጡት ሴቶች መካከል እንዲህ ያለ እግር ያላቸው ብዙ ናቸው።

ስለ ጫማው አፍንጫ ያሉት ትክክል ነው። አንዳንድ ፎርማ ከመካከል ይሾላል፣ አንዳንዱ ደግሞ በአውራ ጣት በኩል ረዝሞ ወደ ትንሿ ጣት ቀስ ብሎ ይወርዳል። እግርዎ በወረቀት ላይ ሲነደፍ የትኛውን እንደሚመስል ያስተያዩ። ጣቶችዎ ደረጃ ሠርተው የማይወርዱ፣ እኩል የተሰለፉ ከሆኑ ግን አፍንጫው ድፍን ያለ ጫማ ካላገኙ ምንም ያህል ሰፊ ቢባል አይመችዎትም።

መልስ፦ ከሙኒክ፣ የብስክሌት ጥገና ሠራተኛ

ጫማ ሠሪው ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ በተለይ በእጅ ስለ መዳሰሱ የጻፉትን ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኞቼ እነግራለሁ።

24.3 ዙሪያ በዚህ ርዝመት በእርግጥ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ የወንዶች መደበኛ ወርድ ሳይበቃዎት ሊቀር ይችላል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሞክረው ለወንድም ለሴትም ከሚሸጡት ሰፊ ወርድ ያላቸውን በ37 ወይም በ38 ነው። ከ38 በላይ ግን አይውጡ። ሲያዙ ሁለቱንም ቁጥር አንድ ላይ የሚያመጣልዎና ያልተመቸውን በነፃ የሚቀበል ሻጭ ይምረጡ፤ ቤት ውስጥ ብስክሌቱን በማሠልጠኛ ማቆሚያ ላይ አድርገው፣ ክሊቱ ሶሉን እንዳይጭረው የሶሉን ወለል በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው፣ እግርዎ እስኪሞቅና እስኪያብጥ ድረስ ይንዱ። ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ቆሞ የተመቸ ጫማ ስለ ሁለተኛው ሰዓት ምንም አይናገርም።

ሰፊ ጫማ ሲያገኙ ሁለት አዳዲስ ነገሮች ስለሚከተሉ አስቀድሜ ልናገር። አንደኛው የጫማው ውስጠኛ ጎን ወይም የቁርጭምጭሚት አጥንትዎ ከፔዳሉ ክንድ ጋር መፋተጉ ነው። ክሊቱን ወደ ውስጠኛው የጫማ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢገፉት እግርዎ ወደ ውጭ ይርቃል፤ ያ ካልበቃ ሺማኖ ከመንገድ ፔዳሎቹ መካከል የላይኞቹን ደረጃዎች አክሲላቸው በ4 ሚሊ ሜትር በሚረዝም ዓይነትም ይሠራል። ጫማ ከመቀየር ይልቅ ፔዳል መቀየር የሚቀልበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው የውስጥ ንጣፉ ነው። ከጫማው ጋር የሚመጣው ወፍራም ከሆነ በስስ ቢለውጡት እግር ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይ ቦታ ይገኛል፤ ይህ ግን የሶሉን ወርድ አይጨምርም። የማቃጠሉ ስሜት ከጣቶች ሥር በመካከል ከሆነ፣ ከአጥንቶቹ ጀርባ የሚቀመጥ ትንሽ ጉብ ያለ ትራስ አጥንቶቹን ለያይቶ ነርቩን ያሳርፋል። ትራሱ ከአጥንቶቹ ሥር ሳይሆን ወደ ተረከዝ አለፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከሥራቸው ከገባ ሕመሙን ያብሳል። ጫማዎን አውልቀው ከቆዩ በኋላም መደንዘዙ የማይተውዎ ከሆነ፣ በተለይም በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል የሚወጋ ሕመም ካለ፣ ጉዳዩ የጫማ ሻጭ ሳይሆን የሐኪም ነው፤ በዚያ ቦታ ያለው ነርቭ ለረጅም ጊዜ ሲጨቆን ይወፍራልና።

ክሊቱንም ስታስሪ — አሁን እኔም አንቺ አልኩ፣ የዱባይዋ እህታችን አስለመደችን — ከአሮጌው ጫማ ልኬት አትውሰጂ። አዲሱን ጫማ አድርገሽ ቆመሽ በአውራ ጣትሽና በትንሿ ጣትሽ ሥር ያሉትን አጥንቶች ከጫማው ውጭ በእጅሽ ፈልገሽ በፕላስተር ምልክት አድርጊባቸው። የፔዳሉ አክሲል በሁለቱ ምልክቶች መካከል እንዲውል ክሊቱን አስቀምጪ፤ ለሚያቃጥለው እግር ደግሞ ከዚያም ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ብትስቢው ከጣቶችሽ ሥር የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ወደ ኋላ በሳብሽው መጠን ኮርቻውን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከጠያቂዋ

ጫማውን ዳስሼው ነበር፤ ጠንካራ ግድግዳ ነው። ስለዚህ የማስለጠጡን ነገር ትቼ ሰፊ ወርድ ያለውን በ37 እና በ38 አዝዣለሁ፤ የሚሽከረከር ማጥበቂያው ሁለት ነው፣ የማይመቸውን መልሼ የምልክበት ወረቀትም አብሮ ይመጣል። የ38ቱ ተረከዝ ከያዘኝ እሱን አስቀራለሁ፤ የግራ እግሬ ትበልጣለችና።